የኦንላይን ኮርስ የማስተማር ዘዴዎችን በመደበኛ የድርሰት ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ለማዋል የሚረዳ መመሪያ

ድርሰትን በኦንላይን አስተምሬ ወደ መደበኛው ክፍል ከተመለስሁ ወዲህ ባልደረቦቼ የሚያነሡብኝ ጥያቄ አንድና ያው ነው፦ «እዚያ የሠራው ዘዴ እዚህ፣ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ባለበት ክፍል፣ እንዴት ይሠራል?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቃል ከመመለስ ብዬ አሠራሩን በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። ኮምፒውተር የሌለው ክፍልም ሊከተለው ይችላል፤ ከኦንላይን ኮርስ የምንወስዳቸው አራት ልማዶች በወረቀትም ይሠራሉና። እነርሱም፦ ትእዛዙ ሁሉ በጽሑፍ መስፈሩ፣ ሥራው በትንንሽ ደረጃ መከፈሉ፣ ማንም ተማሪ ሳይጽፍ ማለፍ አለመቻሉ፣ እንዲሁም ማን የት እንደ ደረሰ በየጊዜው መታየቱ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለአንዱ የድርሰት ሥራ የሚሆን ባለ አንድ ገጽ የመመሪያ ወረቀት፤ ማባዛት ካልተቻለ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት
- ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፎልደር
- 3 የናሙና ድርሰቶች፦ አንድ ጠንካራ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ደካማ
- 4 ጥያቄዎች ያሉት የምዘና መስፈርት
- የጓደኛ አስተያየት መስጫ ቅጽ
- የተማሪዎች መለያ ቁጥርና የሥራው ደረጃዎች የሰፈሩበት የክትትል ሰንጠረዥ
- ሰዓት
- ካለ ብቻ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ወይም ክፍሉ የሚጠቀምበት የቴሌግራም ቡድን ወይም ጎግል ክላስሩም

ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ5 እስከ 6 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል።

ደረጃ 1፦ አንድ ድርሰት ይምረጡና ይከፋፍሉት

የዓመቱን ትምህርት በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አይነሡ። ለመጀመሪያ ሙከራ አንድ አጭር አመዛዛኝ ጽሑፍ በቂ ነው፤ ተማሪው አቋም መያዝና ምክንያት ማቅረብ ስላለበት፣ የሚሰጠው አስተያየት ለውጥ ማምጣቱ ወዲያው ይታያል። ሥራውን በሚከተሉት ስድስት ደረጃዎች ይክፈሉት።

ሀ. ርዕስ፣ አንባቢና አቋም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር
ለ. ቢጋር (የድርሰቱ ሐሳቦች በቅደም ተከተል የሚሰፍሩበት ንድፍ)
ሐ. የመጀመሪያ ረቂቅ
መ. ለጓደኛ የተሰጠ አስተያየት
ሠ. ሁለተኛ ረቂቅ
ረ. የመጨረሻ ቅጂ ከአጭር ማስታወሻ ጋር

በእያንዳንዱ ደረጃ ተማሪው በእጁ ይዞ የሚያስረክበው ነገር ሊኖር ይገባል። «ድርሰት ጽፋችሁ ኑ» ብለን ስንለቃቸው አብዛኞቹ በማስረከቢያው ዋዜማ ይጽፉታል፤ እኛም ጉድለቱን የምናየው ሁሉ ነገር ካበቃ በኋላ ነው። ርዕሱ ከልክ በላይ የሰፋ መሆኑ በደረጃ «ሀ» ላይ ከታየ በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል፤ በደረጃ «ረ» ላይ ከታየ ግን ድርሰቱን እንደገና ከመጻፍ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ነጥቡንም አብረው ያከፋፍሉ። እኔ ከ100 ውስጥ 40ውን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደረጃዎች፣ 60ውን ለመጨረሻው ቅጂ እሰጣለሁ። ነጥብ ያልተያዘለትን ደረጃ ተማሪው ይዘለዋል።

ደረጃ 2፦ ትእዛዙን ክፍል ያልነበረ ተማሪ እንዲሠራበት አድርገው ይጻፉ

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። በኦንላይን የሚያስተምር መምህር የተማሪውን ፊት አያይም፤ ግራ መጋባቱን ከዓይኑ አንብቦ «እንዲህ ማለቴ ነው» ብሎ ማረም ስለማይችል፣ የሚጠየቀውን ሁሉ አስቀድሞ ለመጻፍ ይገደዳል። በክፍል ውስጥ ግን በቃል የምንሰጠው ማብራሪያ ትእዛዙ ጎዶሎ መሆኑን ይሸፍንብናል። ማብራሪያው ሲነገር በሐሳብ ሌላ ቦታ የነበረው ተማሪ ደግሞ ያው ጎዶሎው ትእዛዝ ብቻ ይቀርለታል።

የተለመደው ትእዛዝ ይህን ይመስላል፦ «በክፍል ውስጥ ስለ ስልክ አጠቃቀም ድርሰት ጽፋችሁ አምጡ።» የተሟላው ደግሞ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል።

ምን፦ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ስልክ ይያዙ ወይስ አይያዙ በሚለው ጉዳይ ላይ አቋማችሁን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ።
ለማን፦ ተቃራኒውን አቋም ለያዘ የክፍል ጓደኛ።
ርዝመት፦ ከ8 እስከ 10 ዓረፍተ ነገር።
የግድ የሚገባ፦ ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘ ዓረፍተ ነገር)፣ ሁለት ምክንያት፣ ለየምክንያቱ አንድ ምሳሌ፣ ለተቃራኒው ሐሳብ አንድ መልስ።
መቼና የት፦ ረቡዕ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር፣ ፎልደራችሁ ውስጥ።
ከማስረከባችሁ በፊት፦ ኃይለ ቃሉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ቀሪውን አንብቡ። ሌሎቹ ዓረፍተ ነገሮች ኃይለ ቃሉ ምን እንደሆነ ያስገምታሉ? ካላስገመቱ የትኛው ነው ከመንገድ የወጣው?

ወረቀቱን ከማባዛትዎ በፊት ሌላ ትምህርት ለሚያስተምር ባልደረባ ይስጡና ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ በራሱ ቃል እንዲነግርዎ ያድርጉ። ቆም ብሎ በጠየቀዎት ቦታ ሁሉ የጎደለ ነገር አለ። ተማሪ የሚያነሣውን ጥያቄም በቃል መልሰው ብቻ አይለፉት፤ መልሱን በግድግዳው ወረቀት ግርጌ ይጨምሩ። ያን ካደረጉ ያው ጥያቄ ለአሥረኛ ጊዜ አይመጣብዎትም።

ደረጃ 3፦ ማብራሪያውን ከክፍል ያውጡ፣ መጻፉን ወደ ክፍል ያስገቡ

የኃይለ ቃልን ምንነት ወይም የቢጋርን አዘገጃጀት ተማሪው በቤቱ ከአንድ ገጽ ሊያነበው ይችላል። ረቂቁን ሲጽፍ የሚገጥመውን ችግር ግን ብቻውን ሆኖ አይፈታውም። በተለመደው አሠራር ቀላሉ በክፍል፣ ከባዱ በቤት ይሠራል፤ በዚህ ደረጃ የሁለቱን ቦታ እናለዋውጣለን።

ማብራሪያውን በአንድ ገጽ ጽፈው አንድ ቀን አስቀድመው ይስጡ። በስልክ የሚቀዱት ከሆነ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ በአንድ ቅጂም አንድ ነጥብ ብቻ እንዲነካ ያድርጉ። ተማሪው የምስል ጥራት ማነስን ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማው ግን ወዲያው ያቋርጠዋል፤ ስለዚህ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጉ። ገጹም ሆነ ቅጂው መጨረሻ ላይ 3 አጫጭር ጥያቄዎች ይኑሩት።

የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜን በሚከተለው መንገድ መክፈል ይቻላል፦ 5 ደቂቃ ለሦስቱ ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ፣ 5 ደቂቃ ብዙዎች ለሳቱት አንድ ነጥብ ማብራሪያ፣ 22 ደቂቃ ለመጻፍ፣ 8 ደቂቃ ከአጠገብ ካለው ጋር ለመነባበብ። በ22ቱ ደቂቃ ውስጥ እርስዎ በመደዳው መካከል ይዘዋወራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ግማሹ ክፍል ሳያነብ ቢመጣ ማብራሪያውን ከሰሌዳ ላይ እንደገና አይጀምሩ። አንዴ ከጀመሩት በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያነብም። ያላነበቡት ወደ ኋላ መደዳ ሄደው በ5 ደቂቃ ገጹን እንዲያነቡ፣ የቀሩት ግን ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ ውይይቱን በጽሑፍ ያድርጉት

በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲነሣ እጃቸውን የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ስድስት ተማሪዎች ናቸው። በኦንላይን ኮርስ ግን በውይይቱ ላይ ያልጻፈ ተማሪ እንዳልተገኘ ይቆጠራል፤ መድረኩም የራሱን መልስ ሳያስገባ የሌሎቹን እንዳያይ ተደርጎ ሊስተካከል ይችላል። ይህ የወረቀት አቻ አለው።

ተማሪዎቹን አራት አራት አድርገው ያስቀምጡ። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። እያንዳንዱ በራሱ ወረቀት ላይ ለ5 ደቂቃ በዝምታ መልሱን ይጻፍ፤ የጎረቤትን ማየት አይፈቀድም፤ አለዚያ ፈጣኑ የጻፈው የሁሉም መልስ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወረቀቶቹ ወደ ቀኝ ይዙሩ፤ የደረሰው ሰው በ4 ደቂቃ ውስጥ አንብቦ ከሥሩ ይመልስ። ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ወረቀቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ጠቅላላው 17 ደቂቃ ነው፤ 40 ተማሪ ባለበት ክፍል 160 የጽሑፍ መልስ ይገኛል ማለት ነው። በቃል ውይይት ይህን ያህል ተሳትፎ አግኝቼ አላውቅም።

«እስማማለሁ» እና «ጥሩ ነው» የተከለከሉ መልሶች መሆናቸውን አስቀድመው ይንገሩ። መልስ የሚባለው ከሦስት አንዱን የሚያደርግ ነው፦ አዲስ ምሳሌ ይጨምራል፣ መልስ የሚሻ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ወይም ከምክንያት ጋር ይቃወማል። አንድ ተማሪ «ስልክ ትኩረት ይበትናል» ብሎ ጽፎ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ከሥሩ «ትኩረትህን የበተነው ስልኩ ነው ወይስ የሚመጣልህ መልእክት? ድምፁ ቢጠፋስ?» ብላ ጻፈችለት። በረቂቁ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር «ድምፁ ያልጠፋ ስልክ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውንም ሰው ትኩረት ይበትናል» ወደሚል ተለውጦ መጣ። እኔ በኅዳጉ ላይ «ሐሳብህን አጥብበው» ብዬ ብጽፍለት ኖሮ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገባው አይመስለኝም።

ደረጃ 5፦ መስፈርቱን ይስጡ፣ ከዚያ በናሙና ያለማምዱ

መስፈርቱ ተማሪው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት እጁ ላይ ይግባ፤ ከ4 ነጥብም አይብለጥ። ለምሳሌ፦ አቋሙ ግልጽ ነው ወይ? ምክንያቶቹ በምሳሌ ተደግፈዋል ወይ? ዓረፍተ ነገሮቹ ይያያዛሉ ወይ? ቃላቱ ለታሰበው አንባቢ ይመጥናሉ ወይ? እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይመዘናል። በመጀመሪያው ዓመት 9 ነጥብ ያለው መስፈርት አዘጋጅቼ ተማሪዎቼ አንድም ሳያነቡ በሁሉም ላይ የራይት ምልክት እያደረጉ መልሰውልኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ወረቀቱን መስጠት ብቻውን አይበቃም። ሦስቱን ናሙናዎች ያድሉና እያንዳንዱ ለብቻው ነጥብ ይስጥ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ናሙና ማን ስንት እንደሰጠ እጅ በማስወጣት ሰሌዳ ላይ ይመዝግቡ። ልዩነቱ የ1 ነጥብ ከሆነ ይለፉት፤ የ2 ወይም የ3 ከሆነ ሁለቱ ወገኖች ያንን ነጥብ ያሰጣቸውን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ላይ እያነበቡ ያስረዱ። ይህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዘለሉት ግን በደረጃ 6 የሚሰጠው አስተያየት ወዳጅነትን እንጂ ጽሑፉን የሚመዝን አይሆንም።

ናሙናዎቹ በክፍሉ ውስጥ ያለ ተማሪ የጻፋቸው መሆን የለባቸውም። እርስዎ ራስዎ ቢጽፏቸው ይሻላል፤ ደካማውንም የሚያስቅ ሳይሆን የተለመዱ ጉድለቶችን የያዘ አድርገው ይጻፉት።

ደረጃ 6፦ ጓደኛ ለጓደኛ አስተያየት ይስጥ

በረቂቁ ላይ ከስም ይልቅ መለያ ቁጥር ይጻፍ። የእጅ ጽሕፈት ማንነትን ማጋለጡ አይቀርም፤ ቢሆንም ቁጥሩ ዓይንን ወደ ጽሑፉ ይመልሳል። እያንዳንዱ ረቂቅ በሁለት ሰው ይነበብ፤ አንዱ ግድ የለሽ ቢሆን ሌላው ይክሳል።

ቅጹ ላይ ሦስት ጀማሪ ሐረጎች ብቻ ይኑሩ፦

1. ጸሐፊው የሚለው እንደ ገባኝ…
2. ሳነብ ያቆመኝ ቦታ… ምክንያቱም…
3. ጸሐፊውን ብጠይቀው የምፈልገው…

የመጀመሪያው ከሁሉም ይበልጣል። አንባቢው የገባው ነገር ጸሐፊው ካሰበው ከተለየ፣ ማንም ስሕተት ሳይለቅም ችግሩ በግልጽ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ደረጃ ፊደል ማረም ይከልከል። ካልተከለከለ አስተያየት ሰጪው ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ፣ ሠ የትኛው እንደሚገባ ሲያርም ሰዓቱ ያልቃል፤ የሚታረመው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የሚታዩት በደረጃ «ረ» ነው።

ደረጃ 7፦ የእርስዎን አስተያየት ከመጨረሻው ቅጂ ወደ ረቂቁ ያዛውሩ

በመጨረሻው ቅጂ ላይ የተጻፈ ረዥም አስተያየት ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ ተማሪው ነጥቡን አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል፤ ምክሩን የሚሠራበት ቦታ የለውማ። በረቂቅ ላይ የተሰጠ አስተያየት ግን በማግሥቱ ይሠራበታል።

የጊዜው ስሌት ያስፈራል። ለ40 ተማሪ በ12 ደቂቃ ሒሳብ 480 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ረቂቅ 4 ደቂቃ ቢመድቡ ግን 160 ደቂቃ ነው። ወደ 4 ደቂቃ ለማውረድ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው፣ በአንድ ረቂቅ ላይ ከሁለት ነገር በላይ አለመንካት ነው፤ አንድ የሠመረ ቦታ፣ አንድ መለወጥ ያለበት ቦታ። ሁለተኛው፣ የኦንላይን መምህራን እንደሚያደርጉት ተደጋጋሚ አስተያየቶችን ቁጥር ሰጥቶ በአንድ ዝርዝር ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ ቁጥር 3 «ይህ ምክንያት ምሳሌ የለውም፤ ያየኸውን ወይም ያየሽውን አንድ ነገር ጨምር/ጨምሪ» የሚል ከሆነ፣ ኅዳጉ ላይ «3» ብቻ ይጽፋሉ፤ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከ15 አስተያየት በላይ አያስፈልግዎትም።

ስልክ ለሁሉም የሚዳረስ ከሆነ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክትም ይሠራል። በወረቀት ላይ ቁጣ የሚመስል አስተያየት በድምፅ ሲነገር ይለዝባል።

ደረጃ 8፦ ለውጡ እንዲታይ ያድርጉ

ሁለተኛው ረቂቅ በአዲስ ወረቀት ይጻፍ፤ የመጀመሪያው አይቀደድ። ሁለቱም ከመጨረሻው ቅጂ ጋር በስቴፕለር ተያይዘው ፎልደሩ ውስጥ ይግቡ። በላዩ ላይ ተማሪው ከ4 እስከ 5 ዓረፍተ ነገር የሆነ ማስታወሻ ይጻፍ፦ የትኛውን አስተያየት ተቀበልሁ፣ የትኛውን አልተቀበልሁም፣ ለምን? «አልተቀበልሁም» ማለት ነጥብ እንደማያስቀንስ በግልጽ ይነገር፤ ምክንያቱ ግን ይመዘናል። ማስታወሻውን ከድርሰቱ በፊት ያንብቡት፤ ምን መፈለግ እንዳለብዎት ስለሚነግርዎ የማረሚያ ጊዜ ይቆጥባል።

ደረጃ 9፦ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ሰንጠረዡን ይዩ

በአግድም ስድስቱን ደረጃዎች፣ በቁም የተማሪዎቹን መለያ ቁጥር ያስፍሩ፤ ያስረከበው ላይ ምልክት ያድርጉ። ሁለት ተከታታይ ባዶ ሳጥን ያለበትን ተማሪ በዚያው ቀን ለብቻው ያነጋግሩት። በመደበኛ ክፍል ተማሪው ወንበሩ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ አብሮን ያለ ይመስለናል። ሰንጠረዡ በእርስዎ እጅ ይቆይ፤ ግድግዳ ላይ ከለጠፉት የዘገየውን ያሳፍራል።

ተጨማሪ ጥንቃቄዎች

ስልክ ወይም በይነ መረብ የሌለው አንድ ተማሪ እንኳ ካለ፣ ማንኛውም የግድ የሆነ ነገር በወረቀትም መገኘት አለበት። የተማሪን ጽሑፍ ወይም ድምፅ ያለ ፈቃዱ በቡድን ውስጥ አይልቀቁ፤ ተማሪው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ የወላጅም ፈቃድ ያስፈልጋል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ድርሰት መጣብኝ ለሚሉ መምህራን፦ በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ የሚለዩ መሣሪያዎች ይሳሳታሉ፤ በእነርሱ ውጤት ብቻ ተማሪን አይክሰሱ። በክፍል ውስጥ የተጻፈው ቢጋርና የመጀመሪያው ረቂቅ ፎልደሩ ውስጥ አሉ። የመጨረሻው ቅጂ ከእነርሱ ጋር ምንም የማይገናኝ ከሆነ ተማሪውን ጠርተው እንዴት ከዚያ እዚህ እንደደረሰ እንዲያስረዳ ይጠይቁት።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

- ደረጃዎቹን ከፍሎ የማስረከቢያ ቀናቸውን አንድ ማድረግ። ስድስቱም በመጨረሻው ሌሊት ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ የራሱን ቀን ይስጡ።

- እያንዳንዱን ደረጃ በቀይ እስክሪብቶ ማረም። ደረጃ «ሀ» እና «ለ» ተሠርቷል ወይም አልተሠራም በሚል ብቻ ይመዝገቡ፤ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ይደክምዎትና ይተዉታል።

- መመሪያውን በወረቀት ሰጥቶ ያንኑ በቃል ለ15 ደቂቃ ማንበብ። ተማሪው ወረቀቱን ማንበብ እንደማያስፈልገው ይማራል። «ሁለት ደቂቃ አንብቡ፣ ከዚያ ያልገባችሁን ጠይቁ» ይበሉና ዝም ይበሉ።

- የጽሑፍ ውይይቱን ወረቀት ሰብስቦ መጣል። ወረቀቱ ወደ ፎልደሩ ይግባ፤ ተማሪው ረቂቁን ሲጽፍ ከፊቱ ይክፈተው። ከላይ የጠቀስሁት የስልክ ዓረፍተ ነገር የተለወጠው ልጁ የጓደኛውን ጥያቄ በሦስተኛው ቀን ገልጦ እንደገና ስላነበበው ነው።